ቤተሰብን ይዞ ወደ በረሃ ከተማ
ስለ ስደትና ስለ ቤተሰብ ውሳኔ የተዘጋጀ ትምህርት



በየቁምስናችን ከቅዳሴ በኋላ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል አንዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተደጋገመ መጥቷል። ይኸውም «ቤተሰቤን ይዤ ወደ ዐረብ ሀገር ልሂድን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ትዳር፣ የልጆች አስተዳደግ፣ ወላጆችን መጦርና ሃይማኖትን መጠበቅ በአንድነት ታስረዋል። ስለዚህ በዚህ እትም ጉዳዩን በትምህርት መልክ ልናቀርበው ወደድን።

አንድ ቀን ባልና ሚስት አብረው ወደ እኛ መጡ። ባል በዱባይ ከተማ በአንድ ሆቴል በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሚስት እዚህ መምህርት ናት፤ ሦስት ልጆችም አሏቸው። ባል ለዓመት ፈቃዱ በመጣ ጊዜ «አባ፣ ተለያይቶ መኖር በቃን፤ ጠቅልለው ይምጡልኝ ብዬ ነው» አለ። ሚስቲቱ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እኔ በረሃውን አልፈራሁም። እናቴ ግን ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። እኔ ከሄድሁ ማን ይጦራታል? ማንስ ይቀብራታል?» ብላ መለሰች።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ባል ሚስቱንና ልጆቹን ከአጠገቡ ሊያጣ አይገባውም፤ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸውና። ልጅም እናቷን ልትጥል አይገባትም፤ አራተኛው ትእዛዝ አባትንና እናትን ማክበርን ያዝዛልና። ስለሆነም የክርስቲያን ችግር ሁልጊዜ ክፉውን ከመልካሙ መለየት ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ሁለት መልካም ግዴታዎች በአንድ ደጃፍ ተገናኝተው «እኔን አስቀድም፣ እኔን አስቀድም» ይላሉ። እንዲህ ባለው ጊዜ ምን እናድርግ?

1. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

በመጀመሪያ አብርሃምንና ሎጥን እንመልከት (ዘፍ. 13)። ሁለቱም ከአንድ ሀገር የወጡ ስደተኞች ነበሩ። መንጎቻቸው በዝተው ስፍራው በጠበባቸው ጊዜ አብርሃም ምርጫውን ለወንድሙ ልጅ ተወለት። ሎጥም ዐይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን ሜዳ ውኃ የጠገበና የለመለመ መሆኑን አየ፤ ያንንም መረጠ። በትረካው ውስጥ ሎጥ እግዚአብሔርን እንደ ጠየቀ ወይም ስለ ጎረቤቶቹ ጠባይ እንደ መረመረ አልተጻፈም። አብርሃም ግን ድንኳኑን በተከለበት ስፍራ ሁሉ መሠዊያ ይሠራ ነበር። የሁለቱ ልዩነት አንዱ በመሄዱ ሌላው በመቅረቱ አልነበረም፤ አንዱ ሣሩን ብቻ ሲያይ ሌላው መሠዊያውን አስቀድሞ ማሰቡ ነው። እንግዲህ አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ አዲስ ከተማ ሲያስብ የመጀመሪያ ጥያቄው «መሠዊያችን የት ይሆናል?» የሚል ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ የአሊሜሌክና የኑኃሚን ታሪክ ነው (ሩት 1)። በቤተ ልሔም ራብ በሆነ ጊዜ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ሞዓብ ተሰደደ። እርሱም ልጆቹም በዚያው ሞቱ፤ ኑኃሚንም ባዶ እጅዋን ተመለሰች። መጽሐፍ ቅዱስ አሊሜሌክን ስለ መሄዱ አይወቅሰውም፤ መንገዱ ያስከፈለውን ዋጋ ግን አይሸሽግም። ከዚያው መከራ ውስጥ ደግሞ ሩት ተገኘች፤ ከእርስዋም የዳዊት ዘር፣ በመጨረሻም ጌታችን በሥጋ ተወለደ። ስደት ኪሳራም ጸጋም በአንድነት ሊኖሩበት ይችላሉ ማለት ነው።

ሦስተኛው የቅድስት ቤተሰብ ስደት ነው (ማቴ. 2)። ቅዱስ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሸ። ምክንያቱ የሕፃኑ ሕይወት ነበረ። ሄሮድስ ከሞተ በኋላ ተመለሰ፤ ነገር ግን በይሁዳ አርኬላዎስ መንገሡን በሰማ ጊዜ ወደ ገሊላ አቀና። እንግዲህ ቅዱስ ዮሴፍ አንድ ጊዜ ወስኖ ዐይኑን የጨፈነ ሰው አልነበረም፤ ሁኔታው በተለወጠ ቁጥር እንደገና ያዳምጥ፣ እንደገናም ይመረምር ነበር።

2. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ስደተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ ሰነድ ወደ ግብፅ የተሰደደችውን ቅድስት ቤተሰብ ለስደተኛ ቤተሰቦች ሁሉ አርአያ አድርገው አቅርበዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ «ሰላም በምድር» በተሰኘው እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት መልእክት ሰው በቂ ምክንያት ሲኖረው ወደ ሌላ ሀገር ሄዶ የመኖር መብት እንዳለው አስተምረዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት ሰው ሀገሩን ለቆ የመሄድም የመመለስም መብት እንዳለው ገልጸው፣ የሰው መሄድ ግን ለሚለቀው ሀገርና ሕዝብ ጉዳት መሆኑን አልሸሸጉም።

ከዚህም ጋር ሌላ መብት አለ። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ ለ2013 ዓለም አቀፍ የስደተኞች ቀን ባስተላለፉት መልእክት ከመሰደድ መብት በፊት ያለመሰደድ መብት፣ ማለትም በሀገር ተከብሮ የመኖር መብት እንዳለ አሳስበዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም ለ2023 ባስተላለፉት መልእክት የመሄድም የመቅረትም ውሳኔ በነጻነት የሚደረግ ሊሆን እንደሚገባው አስተምረዋል። ስለዚህ «የማይሄድ ሞኝ ነው» የሚለውም «የሚሄድ ከሃዲ ነው» የሚለውም ንግግር ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጣ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቤተሰብ «የቤት ቤተ ክርስቲያን» መሆኗን አስተምሯል። ስለሆነም ውሳኔው የባል ብቻ ወይም የደመወዝ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከስፍራ ወደ ስፍራ የምትዛወርበት ጉዳይ ነውና።

3. ከተማይቱን እንደ እውነቷ ማየት

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14)። አባቶቻችንም «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። እንግዲህ የብዙዎቻችን ሰዎች መድረሻ የሆነችውን ዱባይን ምሳሌ አድርገን አራት ነገሮችን እንቍጠር።

ሀ) አየሩ። ዱባይ በባሕር ዳር የተሠራች የበረሃ ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለስላሳና ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በበጋቸው ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አንዳንድ ቀንም ከ45 በላይ ይደርሳል። ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ሲጨመርበት ሌሊቱ እንኳ ዕረፍት አይሰጥም። የሀገሪቱ ሕግ ራሱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። በደጋ ተወልዶ በግቢና በሜዳ ሲሮጥ ያደገ ሕፃን እነዚያን ወራት በአብዛኛው በተዘጋ ክፍል፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳልፋል። የመጠጥ ውኃው እንኳ ጨው ተለይቶለት ከባሕር የሚቀዳ ነው። ስለዚህ መብራትና ውኃ በዚያ ከተማ ቀላል ወጪዎች አይደሉም።

ለ) ገንዘቡ። ደመወዙ ሲወራ ወደ ብር ተመንዝሮ ይወራል፤ ወጪው ግን የሚወጣው በድርሃም ነው። ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብቻውን ከጓደኞች ጋር በአንድ ክፍል የሚኖር ሠራተኛ ብዙ ሊልክ ይችላል። ቤተሰቡን ሲያመጣ ግን የቤት ኪራይ በዓመት ውል ይታሰራል፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ በጥቂት ቼኮች ተከፋፍሎ አስቀድሞ ይሰጣል። የውጭ ሀገር ሰዎች ልጆች በአብዛኛው የሚማሩት በክፍያ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ የሕንድ፣ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉት ትምህርት ቤቶች ክፍያቸው እጅግ ይለያያል። የጤና መድን ግዴታ ነው፤ የሠራተኛውን አሠሪው ሲሸፍን የሚስትንና የልጆችን ግን አምጪው ራሱ ይሸፍናል። ሚስት እዚህ የምታገኘው ደመወዝ መቅረቱም በሒሳቡ ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ሐ) ሕጉ። በተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ከአሥር ነዋሪዎች ዘጠኙ ገደማ የውጭ ሀገር ሰዎች ናቸው፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም በአብዛኛው ከሥራቸው ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሠራተኛ ቤተሰቡን ለማምጣት ቢያንስ የ4,000 ድርሃም፣ ወይም መኖሪያ ከተሰጠው የ3,000 ድርሃም ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። ይህ ግን ሕጉ የሚፈቅድበት መነሻ ነው እንጂ ቤተሰብ ተመችቶት የሚኖርበት ልክ አይደለም። አባት ሥራውን ቢያጣ የሚስትና የልጆች ፈቃድም አብሮ ይናጋል፤ ቤቱ በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ነው ማለት ነው። በዚያ በመወለድ ብቻም ዜግነት አይገኝም። ስለዚህ ሄደን የምንኖርበት እንጂ ሥር የምንሰድበት ሀገር አለመሆኑን አስቀድመን ልንቀበል ይገባል።

በዚህ አጋጣሚ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶች በመንግሥት የኩነት ምዝገባ የተመዘገቡና በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የተረጋገጡ ሊሆኑ እንደሚገባ እናስታውሳለን። በቤተ ክርስቲያን ብቻ ተጋብተው ያላስመዘገቡ ሁሉ ይህን ሳይዘገዩ ይፈጽሙ። ከቁምስናም የጥምቀትና የምሥጢረ ተክሊል ማስረጃ፣ ማኅተም ያለበት፣ መያዝ ይገባል።

መ) መሠዊያው። የበረሃ ከተሞች ሁሉ አንድ አይደሉም። በሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን መሥራት አይፈቀድም። በኤሚሬቶች፣ በኦማን፣ በኳታር፣ በባሕሬንና በኩዌት ግን በተፈቀደላቸው ግቢ የታወቁ ቁምስናዎች አሉ። በዱባይ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1967 የከተማይቱ ገዥ በሰጡት መሬት ላይ ተሠርታ፣ በ1989 በታላቅ ሕንፃ ታድሳለች። በጀበል ዓሊ ደግሞ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲሲ ቤተ ክርስቲያን አለች። እነዚህ በአቡ ዳቢ መንበሩ ባለው በደቡብ ዐረቢያ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሥር ናቸው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ የካቲት 5 ቀን 2019 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በአቡ ዳቢ ስታዲየም ያሳረጉት ቅዳሴ በዐረቢያ ምድር በር.ሊ.ጳ. የተደረገ የመጀመሪያው ቅዳሴ ነበረ።

ይሁን እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ መስበክና ሌላውን ወደ ሃይማኖት ለመሳብ መሞከር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ምእመናንም ይህን ማክበር አለባቸው። ልጆች ቅዳሴን በሌላ ቋንቋና በሌላ ሥርዓት ይሰማሉ። እዚህ ታኅሣሥ 29 ቀን የምናከብረው ልደት በዚያ ቀድሞ ይከበራል። በግዕዝ ሥርዓት የሚቀደስበት ቀን መኖር አለመኖሩን፣ የልጆች ትምህርተ ክርስቶስ መቼ እንደሚሰጥ፣ የአባት የዕረፍት ቀንም ከቅዳሴው ጋር መግጠም አለመግጠሙን አስቀድሞ ከቁምስናው መጠየቅ ያስፈልጋል። ርካሽ ቤት ከቤተ ክርስቲያን እጅግ የራቀ ሊሆን ይችላልና።

4. ውሳኔው እንዴት ይወሰን?

ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ፣ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1548 ባጸደቁት የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉ፣ ለእንዲህ ያለው ምርጫ የሚረዳ መንገድ ትቶልናል። ለቤተሰብ እንዲስማማ አድርገን በአጭሩ እናቀርበዋለን።

አንደኛ፣ በጭንቀትና በኀዘን ጊዜ የቀድሞውን ውሳኔ አለመለወጥ። ከአለቃ ጋር በተጣሉበት ሳምንት «ሀገሩን ለቅቄ እሄዳለሁ» ማለት፣ ወይም በስልክ ልጅ ሲያለቅስ በሰሙበት ሌሊት ትኬት መቍረጥ ጥሩ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሁለተኛ፣ ልብን ከሁለቱም ወገን ነጻ ማድረግ። «ጌታ ሆይ፣ ብሄድም ብቀርም የአንተ ልሁን» ብሎ እስኪጸልይ ድረስ ሰው ለውሳኔ አልደረሰም። ልባችን አስቀድሞ ወስኖ ከሆነ ጸሎታችን ምክር መጠየቅ ሳይሆን ማኅተም ማስመታት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የመሄድን ጥቅምና ጉዳት፣ የመቅረትንም ጥቅምና ጉዳት በወረቀት መጻፍ። ባልና ሚስት ለየብቻ ጽፈው በኋላ ቢያነጻጽሩ ይመረጣል፤ በፊት ለፊት ያልተነገረ ፍርሃት በወረቀት ላይ ይወጣልና።

አራተኛ፣ ሦስት ነገሮችን በልብ መሳል፦ ይህን ጥያቄ የማላውቀው ሰው ቢያቀርብልኝ ምን እመክረው ነበር? በሞቴ ሰዓት የትኛውን መርጬ በተገኘሁ እላለሁ? በፍርድ ቀን በጌታ ፊት የትኛው ምርጫ ደስ ያሰኘኛል?

አምስተኛ፣ ውሳኔው የሚነካቸውን ሁሉ መጠየቅ። በብዙ ቤት ለአረጋውያን የሚነገራቸው ሻንጣ ከታሰረ በኋላ ነው፤ ለልጆች ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ይህ ከፍቅር የመነጨ ቢመስልም አያከብራቸውም።

እነዚያ ባልና ሚስት ይህን ምክር ይዘው ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው እናቲቱ ያሉትን ነገሩን። ለካ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። እርሳቸውም «መቅበሩን እድሬ ይቀብረኛል። ልጆቹ አባታቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ እያወቁ ማደጋቸው ግን ያሳዝነኛል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ የምትሄዱበትን ቀን አትደብቁኝ» ብለው ነበር።

ከዚያም ሚስትና ልጆች ትምህርት በሚዘጋበት በክረምታችን፣ ይህም የዚያ ሀገር ሙቀት በሚበረታበት ወቅት ነው፣ ለጥቂት ሳምንታት ሄደው ከተማይቱን አዩ። በጥር ቢሄዱ ኖሮ ሌላ ከተማ ባዩ ነበር። የታሰበው ቤት ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ሆኖ ተገኘ፤ የሦስት ልጆች የትምህርት ክፍያም ከታሰበው በላይ ነበር። ስለዚህ ጉዞውን በአንድ ዓመት አራዘሙት። በዚያ ዓመት ጋብቻቸውን አስመዘገቡ፣ ሁለተኛው ልጅ የመጀመሪያ ቁርባኑን በቁምስናው ተቀበለ፣ አንዲት የእኅት ልጅም ከእናቲቱ ጋር ልትኖር ተስማማች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ብቻ ወስነው፣ በየፋሲካው እንደገና ሊመረምሩ ተማምለው ሄዱ።

ሌላ ቤተሰብ ደግሞ በዚሁ መንገድ መርምሮ ተቃራኒውን ወሰነ። አባት ሥራውን ትቶ ተመለሰ፤ ገቢያቸው ቀነሰ፤ ቤቱ ግን ሞላ። ሁለቱም ቤተሰቦች ከችግር አልዳኑም። በሞቃቱ ከተማ ያሉት ናፍቆት አለባቸው፤ እዚህ ያሉትም የኑሮ ውድነት አለባቸው። ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን «አንተ ነህ ያመጣኸኝ» ወይም «አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ» ብሎ አይወቅስም፤ አብረው ወስነዋልና። የመልካም ውሳኔ ፍሬ ይህ ነው።

5. ለሚሄዱም ለሚቀሩም

የሚሄዱ ቤተሰቦች በመጀመሪያው ሳምንት ቁምስናቸውን ፈልገው ይመዝገቡ፤ በቤታቸው የጸሎት ስፍራ ያዘጋጁ፤ ማታ ማታ መቍጠሪያ በአማርኛ ይድገሙ፤ ልጆች የሀገራቸውን ፊደል እንዳይረሱ ያስተምሩ። የመመለሻ ገንዘብም ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ለብቻው ይቀመጥ። ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር በአክብሮት ይኑሩ፤ ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም።

እኛ የምንቀረው ደግሞ ግዴታ አለብን። ወላጆቻቸው በቁምስናችን የቀሩትን ልጆችና ጧሪ ያጡትን አረጋውያን ስማቸውን ይዘን እንጎብኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ቤት ሁሉ የደላው ቤት አይደለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሎጥና በአብርሃም ምርጫ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እኛ ስፍራ ስንመርጥ አስቀድመን የምናየው ምንን ነው?
2. በቤታችን ትልቅ ውሳኔ ሲደረግ የማን ድምፅ አይሰማም? ለምን?
3. የትዳር ግዴታና ወላጆችን የመጦር ግዴታ ሲጋጩ ከላይ ከተነገረው ታሪክ ምን እንማራለን?
4. በቁምስናችን ከቤተሰባቸው አንዱ በውጭ ሀገር ያለባቸውን ቤቶች እናውቃቸዋለንን? በዚህ ወር ማንን እንጎበኛለን?

ጸሎት

ቅዱስ ዮሴፍ ሆይ፣ ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ የበረሃውን መንገድ ያለፍህ፣ ለመሄድም ለመመለስም የእግዚአብሔርን ድምፅ ያዳመጥህ፣ በመንታ መንገድ ላይ ለቆሙ ቤተሰቦች ለምንላቸው። የሚሄዱት መሠዊያቸውን ይዘው ይሂዱ፤ የሚቀሩትም በተስፋ ይቀመጡ፤ ሁላችንም በመጨረሻው ቤታችን በሰማይ እንገናኝ። አሜን።